አምስት ሰዓት የማን ሰዓት ነው?

ይህ ነገር የገጠመኝ ባለፈው ዓመት ዐቢይ ጾም ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው። በሕይወቴ ከዚህ የከበደ ነገር አልፎብኛል። ይህኛው ከአእምሮዬ አልወጣ ያለው፣ ፊታቸውን አይቼ የማላውቃቸው አንድ አባት ስላሉበት ነው።

መጀመሪያ ስለ ባለቤቴ ጥርስ ልንገራችሁ።

ታደሰ የኤርፖርት መንገደኞችን በቫን የሚያመላልስ ሹፌር ነው። የምንኖረው አሜሪካ፣ ሲያትል ከተማ፣ ሌክ ሲቲ ሰፈር ነው። የዛሬ አራት ዓመት ገደማ፣ በረዶ የጣለ ዕለት፣ ጧት ከአፓርታማችን ወጥቶ ወደ መኪናው ሲሄድ አዳልጦት በአፍጢሙ ተደፋ። ሁለቱ የላይኛው የፊት ጥርሶቹ ተሰበሩ። ኢንሹራንሳችን የቀረውን የጥርሱን ሥር ለማስነቀል ይከፍላል፤ አዲስ ለማስተከል ግን አይከፍልም። ዋጋውን ሲነግሩን ታደሰ «ለሁለት ጥርስ? በዚህ ገንዘብ እኮ መኪና ይገዛል» ብሎ ተነሥቶ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ሲስቅ እጁን አፉ ላይ ማድረግ ጀመረ። ድሮ ሲስቅ ጎረቤት ይሰማው ነበር። እኔን ራሴን ያሸነፈኝ በመልኩ አይደለም፣ በሳቁ ነው፤ ይህን ደግሞ እሱም ያውቃል። ቀስ በቀስ ቀልዱም ቀነሰ። ሰው ቤት ስንሄድ ጥግ ይዞ ይቀመጣል። ሦስት ዓመት እንዲህ ኖርን።

አንድ ቀን በፖስታ ደብዳቤ መጣ። አዲስ ክሬዲት ካርድ ነው። ለአሥራ ስምንት ወር ወለድ የለውም ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልጃችን ቤቲ ከትምህርት ቤቷ ደውላ ሳለ ፎቶ አንሥቼ ላኩላትና እሷም አነበበችው። «ማሚ፣ ኢትስ ሪል፣ እውነት ነው» አለችኝ። «ግን አንድ ክፍያ ካመለጠሽ ዜሮ ወለዱ ይቀራል።»

ታደሰ ግን አልሰማም አለ። ምክንያት አለው። ከዓመታት በፊት «ለአንድ ዓመት ወለድ የለውም» ተብለን ሶፋ ገዝተን ነበር። በየወሩ ትንሿን ክፍያ ብቻ እየከፈልን ዓመቱ ሲያልቅ ጥቂት ቀረን። በዚያች በጥቂቷ ምክንያት የዓመቱን ወለድ በሙሉ ጫኑብን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ታደሰ እዚያ ሶፋ ላይ በተቀመጠ ቁጥር «ሁለት ጊዜ የተገዛ ሶፋ» ይላል። እንግዳ ሲመጣም «ቁጭ በሉ፣ ሁለት ጊዜ ነው የተገዛው» ይላል።

ስለዚህ ወረቀት አውጥቼ፣ የጥርሱን ዋጋ ለአሥራ ስምንት አካፍዬ አሳየሁት። «ትንሿን ክፍያ አይደለም የምንከፍለው። በየወሩ ቁርጥ ያለ ገንዘብ ነው። ከባንካችን በራሱ ጊዜ እየተቆረጠ ይሄዳል። መጨረሻው ወር ላይ ዕዳው ዜሮ ይሆናል።»

ወረቀቱን ብዙ አየው። «አንቺ ካልሽ እሺ» አለ። «ግን ሰብሌ፣ አንድ ወር ከተዘለለ ሶፋው ተመልሶ መጣ ማለት ነው።»

«አይዘለልም» አልኩት።

ካርዱ መጣ፤ የጥርሱን ዋጋ አስቀድመን በእሱ ከፈልን። ታደሰም የቀሩትን የጥርስ ሥሮች አስነቀለ። የዚያን ዕለት እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። የምሠራው ከሲያትል ወጣ ብላ ባለችው ኤቨረት ከተማ፣ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። በዕረፍት ሰዓቴ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ክፍያውን በስልኬ ማስተካከል ጀመርኩ። የባንካችንን የሒሳብ ቁጥር ጠየቀኝ። ቁጥሩ የታተመበት የቼክ ደብተር ቤት ነው። ታደሰ ጋ ደወልኩ። አፉ በጥጥ ተሞልቷል፣ ማደንዘዣው ገና አልለቀቀውም። ምስኪን፣ እንደምንም እያለ አነበበልኝ። ቁጥሩን ጻፍኩ። ስልኩ እንደገና ጻፊ አለኝ፤ እንደገና ጻፍኩ። «አውቶ ፔይ በርቷል»፣ ማለትም ክፍያው በየወሩ በራሱ ይቆረጣል፣ የሚል መልእክት መጣ። ደስ አለኝ። ለታደሰ «ጨርሻለሁ፣ አታስብ» አልኩት።

አሁን ወደዚያ ማክሰኞ ልምጣ።

ከቀኑ አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ለምሳ ወጣሁ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሰባት ሰዓት መሆኑ ነው፤ እዚህ አገር የምንቆጥረው እንደ ፈረንጆቹ ነው። ይህን የምነግራችሁ በኋላ ስለሚያስፈልጋችሁ ነው። ውጭ ያካፋል። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ምሳዬን ከፈትኩና ስልኬን አየሁ። ከካርዱ ባንክ ኢሜይል መጥቷል። የመጀመሪያው ክፍያ ተመልሷል ይላል። የሒሳብ ቁጥሩ አልተገኘም። የመክፈያው የመጨረሻ ቀን ዛሬ ነው።

ምሳዬን ከደንኩት።

ወዲያው የመጣልኝ ገንዘቡ አይደለም። የታደሰ ፊት ነው። ሶፋው ላይ ቁጭ ብሎ ሲያየኝ ታየኝ። ሳይሰማ ላስተካክለው አልኩና ቤቲ ጋ ቴክስት አደረግሁ። የባንክ ስልክ የምትደውልልን እሷ ናት። «ማሚ፣ አይም ኢን ክላስ። ኮል ዩ ሌተር» ብላ መለሰች፤ ክፍል ውስጥ ናት፣ የምትደውለው በኋላ ነው።

እንግሊዝኛ አልችልም ማለቴ አይደለም። ቀኑን ሙሉ እንግሊዝኛ ነው የምናገረው። ጁስ ይፈልጋሉ፣ ጀርባዎን ልሽልዎ፣ ልጅዎ ዛሬ ይመጣል። የባንክ እንግሊዝኛ ግን ሌላ ነው። ከደነገጥኩ ደግሞ የማውቀውም ይጠፋብኛል። ስለዚህ ደወልኩና ሰው ሲያነሣ አንድ ቃል ብቻ ተናገርኩ። «አማሪክ ፕሊስ።»

ሙዚቃ ተከፈተ። ሙዚቃው ቆመና የአንድ ሽማግሌ ሰው ድምፅ መጣ። ረጋ ያለ፣ ትንሽ ሻከር ያለ ድምፅ ነው፤ የጉራጌ ቅላጼ አለበት።

«ጤና ይስጥልኝ። የአማርኛ ተርጓሚ ነኝ» አሉና የተርጓሚነት ቁጥራቸውን ተናገሩ። «የሚባለውን ሁሉ እተረጉማለሁ። ምንም አልጨምርም፣ ምንም አልቀንስም።»

ቀጥሎ አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ ተናገረች። እሳቸው በዚያው በሽማግሌ ድምፃቸው «ስሜ ትሬሲ ይባላል። ዛሬ እኔ እረዳዎታለሁ» አሉ።

በዚያ ጭንቀት ውስጥ ሳቄ መጣ።

ነገሩን አስረዳሁ። ትሬሲ መዝገቧን አየች። እሳቸው ተረጎሙ። «ክፍያው ዛሬ ከገባ በጊዜው እንደተከፈለ ይቆጠራል። ወለድ አልባው ውል እንዳለ ይቀጥላል። ዛሬ ካልገባ ግን ውሉ ይቋረጣል፣ ወለድም ይጀምራል። እስከ አምስት ሰዓት ጊዜ አለዎት፣ በምሥራቅ አቆጣጠር።»

እኔ የሰማሁት «አምስት ሰዓት» የሚለውን ብቻ ነው። ተነፈስኩ። ከሥራ የምወጣው ሦስት ተኩል ላይ ነው። ቤቴ አራት ተኩል ሳይሞላ እገባለሁ። የቼክ ደብተሩን አወጣለሁ። ታደሰ ሳያውቅ አልቆ ያድራል።

«ኦኬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኩ። «ቤት ስገባ፣ አራት ተኩል ላይ እከፍላለሁ።»

ተረጎሙላት። ትሬሲ «ግሬት» አለች። ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ ብላ ጠየቀች። የለም ልል አፌን ከፈትኩ። ስልኩን ልዘጋው ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበር።

ሽማግሌው ዝም አሉ። እስከዚያ ድረስ አንድም ጊዜ ዘግይተው አያውቁም ነበር። ከዚያ ትሬሲን በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጠየቋት። እሷም «ሹር» አለች።

ወደ እኔ ተመለሱ፤ ስለ ራሳቸው ሲናገሩ «ተርጓሚው» ነው የሚሉት። «ተርጓሚው አንድ ነገር ለማጥራት ፈቃድ ጠይቆ ተፈቅዶለታል። አሁን ያሉት የት ከተማ ነው?»

«ሲያትል ነው የምኖረው። አሁን ኤቨረት ነኝ፣ ሥራ።»

«እርስዎ ጋ አሁን ስንት ሰዓት ነው?»

የመኪናዬን ሰዓት አየሁ። «አንድ ከሃያ ሁለት።»

«ባንኩ ያለበት ምሥራቅ አሜሪካ አሁን አራት ከሃያ ሁለት ነው» አሉኝ። «የተባለው አምስት ሰዓት የባንኩ አምስት ሰዓት ነው። በእርስዎ ሁለት ሰዓት መሆኑ ነው። በአገራችን ቢሉ ስምንት ሰዓት።» አንድ በአንድ ነው የተናገሩት፤ ድምፃቸው ከፍም ዝቅም አላለም። «ሠላሳ ስምንት ደቂቃ አለዎት።»

«የቼክ ደብተሩ ቤት ነው!» አልኩ። «ባለቤቴ ጋ ነው! ልዝጋና ልደውልለት?»

ይህንንም ተረጎሙ። ትሬሲ ከዘጋሁ እንደገና ወረፋ ልጠብቅ እንደምችል ነገረችኝ። ባለቤቴን እዚሁ መስመር ላይ ማስገባት እንደምችልም አስረዳችኝ። እንዴት እንደሚደረግ አንድ በአንድ ነገረችኝ፤ እሳቸው እየተረጎሙ፣ እኔ የስልኬን ቁልፎች እየነካሁ ሄድኩ። መስመሩ እንዳይቋረጥ ስለት ተሳልኩ።

ታደሰ አነሣ። ጧት በሌሊት ወጥቶ ገና መግባቱ ስለነበር ተኝቶ ነበር። «ምነው፣ በሰላም?»

«ታዴ፣ የቼክ ደብተሩን አምጣው። አትቆጣ። መስመር ላይ ሰው አለ።»

«የምን ሰው?»

«የካርዱ ባንክ። ተርጓሚም አለ። ክፍያው ተመልሷል።»

«ሶፋው መጣ በይኛ» አለ።

ሽማግሌው ሳያመነቱ ለትሬሲ ተረጎሙላት። ሶፋው መጥቷል ማለት ነው? ትሬሲ ግራ ገባት። «ዋት ሶፋ?» አለች። እሳቸውም ወደ እኛ ዞረው፣ ፍጹም በሆነ ጨዋነት፣ «የቱ ሶፋ?» ብለው ጠየቁን።

ታደሰ እንኳ ሳቀ። በስልክ ስለሆነ አፉን መሸፈን አላስፈለገውም። ሲሮጥ፣ መሳቢያ ሲከፍት፣ ወረቀት ሲያተራምስ ይሰማኛል። ሰዓቱ አንድ ከሠላሳ አራት ሆኗል። በመስኮት አለቃዬ በሩ ላይ ወጥታ ስትፈልገኝ አያታለሁ። እጄን አንሥቼ አምስት ጣት አሳየኋት።

«አገኘሁት» አለና ማንበብ ጀመረ። ታደሰ ያን ጊዜ የፊት ጥርስ የለውም። ጥርስ የሌለው ሰው ሰ ፊደል ላይ ምን እንደሚሆን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሶስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት፣ ሁሉም ፉጨት ነው። ሽማግሌው እየጠበቁ፣ ቁጥር በቁጥር እየተረጎሙ ሄዱ። ስድስተኛው ቁጥር ላይ ቆሙ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጌታዬ፤ ተርጓሚው እንዲደግሙለት ይጠይቃል።»

ታደሰ ደገመው።

«አሁንም ይቅርታ። ከአምስት ቀጥሎ ያለው ነው ወይስ ከሰባት ቀጥሎ ያለው?»

«ከአምስት ቀጥሎ! ከአምስት ቀጥሎ ነው ጌታዬ!»

ያን ጊዜ ቦርሳዬ ውስጥ የነበረውን ብጣሽ ወረቀት አወጣሁ። ባለፈው በጥጥ በተሞላ አፉ ሲያነብልኝ የጻፍኩበት ነው። ስድስተኛው ቁጥር ላይ ስምንት ጽፌያለሁ። ስድስት ነበር። እንደገና ጻፊ ሲለኝም ያንኑ ስምንት ደግሜ ጽፌዋለሁ።

ትሬሲ ቁጥሩን በሙሉ መልሳ አነበበች። እሳቸው ተረጎሙ። ታደሰ «ልክ ነው» አለ። የትሬሲ የኮምፒውተር ቁልፎች ብቻ ይሰማሉ። ሦስታችንም ትንፋሻችንን ይዘናል። ሦስታችንም የምለው ሽማግሌውን ጨምሬ ነው፤ ሲተነፍሱ አልሰማቸውም ነበር።

«ክፍያው ገብቷል» አሉ እሳቸው። «ወለድ አልባው ውል እንዳለ ነው። የየወሩ ክፍያ በትክክለኛው ቁጥር ተስተካክሏል። ለተመለሰው ክፍያ የተጣለውን ቅጣትም አንሥቼልዎታለሁ።»

አንድ ከሃምሳ አንድ ነበር።

አለቀስኩ። አላፍርበትም። ታደሰ «ተይ እንጂ ሰብሌ» ይላል፣ የእሱም ድምፅ ልክ አይደለም። ትሬሲን በእንግሊዝኛ ቴንክ ዩ ቴንክ ዩ አልኳት። ለሽማግሌው ግን ቴንክ ዩ አይበቃም። እኒህ ሰው ያንን ፈቃድ ባይጠይቁ ኖሮ አራት ተኩል ላይ፣ ሁሉ ነገር ካለቀ ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ፣ ተረጋግቼ የቼክ ደብተር እፈልግ ነበር።

«አባቴ፣ ስምዎን ይንገሩኝ?» አልኩ።

«ተርጓሚው ስሙን መናገር አይፈቀድለትም» አሉኝ።

«እንግዲያው ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ አባቴ። ልጆችዎን ይባርክልኝ። ከዚህ ጭንቀት እንዳወጡኝ እሱ ከክፉ ነገር ሁሉ ያውጣዎት።»

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ የሚባለውን ሁሉ እተረጉማለሁ ብለው የለ፣ ምርቃቱን አንድ በአንድ ለትሬሲ ተረጎሙላት። ይህን ያህል እንግሊዝኛ ይገባኛል። ዕድሜውንም፣ ጤናውንም፣ ልጆቹንም አልተዉም። «አባቴ» ያልኩትን ብቻ አልሰማሁትም።

ትሬሲ ስትናገር ድምፅዋ ተለውጧል። እሳቸው ተረጎሙ፤ የእሳቸውም ተለውጧል።

«ዛሬ ከጧት ጀምሮ የደወለው ሰው ሁሉ ሲጮህብኝ ነው የዋለው። ሁለት ልጆች አሉኝ። ዛሬ እራት ላይ አንዲት ሴት ከሲያትል መረቀቻችሁ እላቸዋለሁ።»

ምርቃቱ ለእሳቸው እንደነበር ልናገር ፈለግሁ። ግን ያቺ ሴት ከወሰደችው በኋላ እንዴት ብዬ እቀማታለሁ? «አሜን በያት» አለኝ ታደሰ ቀስ ብሎ። «አሜን» አልኩ። «አሜን» አሉ ሽማግሌውም። የእኔን ይተርጉሙ፣ የራሳቸውን ይበሉ፣ አላወቅሁም። መስመሩ ተዘጋ።

ከዕረፍት ሃያ ደቂቃ ዘግይቼ ገባሁ። አለቃዬ ፊቴን አየችና ወደ ሥራዬ አሳለፈችኝ።

ማታ ቤት ስገባ ታደሰ ሽሮ ሠርቶ ጠበቀኝ። ጨው በዝቶበታል። «ልትደብቂኝ ነበር አይደል?» አለኝ።

«ፈርቼ ነው።»

«እኔን?»

«ሶፋውን» አልኩት።

ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ የአፌ ነው» አለና እንጀራውን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። ያንን ጨዋማ ሽሮ አንድ ሳናስቀር በላን።

አሁን የታደሰ ጥርሶች ከተተከሉ ወራት አልፈዋል። በየወሩ ክፍያው በራሱ ጊዜ ይወጣል፤ እኔ ግን አሁንም በየወሩ ገብቼ አየዋለሁ። ታደሰም ከኋላዬ ቆሞ ያያል። ቤቲ ትስቅብናለች።

ሽማግሌውን ለማግኘት ሞክሬያለሁ። አንድ ቀን እዚያው ባንክ ደውዬ አማርኛ ተርጓሚ ጠየቅሁ። አንዲት ወጣት ሴት መጣች። ስለ እሳቸው ብጠይቃት ማን ማን እንደሆነ እርስ በርስ እንደማይተዋወቁ ነገረችኝ። ቁጥራቸውን መጀመሪያ ላይ ነግረውኝ ነበር፤ በዚያ ድንጋጤ ማን ልብ ብሎ ይጽፋል። ከየት ሆነው እንደሚሠሩም አላውቅም። ሌላ ግዛት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሬኒየር ቢች ሰፈር፣ እዚሁ ሲያትል አፍንጫችን ሥር ሊሆኑም ይችላሉ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሻከር ያለ የሽማግሌ ድምፅ ስሰማ እዞራለሁ። አንድ ሁለቴ በሰው ተሳስቻለሁ።

ይህን እንድጽፍ የነገረኝ ታደሰ ነው። «አማርኛ የሚያነቡ ሰው ናቸው፤ አንድ ቀን ዓይናቸው ላይ ይወድቅ ይሆናል» አለኝ።

እንግዲህ አባቴ፣ ይህን እያነበቡ ከሆነ፣ የዚያን ዕለት የመረቅሁት እርስዎን ነበር። ትሬሲ የወሰደችው ይባረክላት፣ ልጆቿም ይደጉላት። የእርስዎን ድርሻ ግን እነሆ እንደገና ልስጥዎት፦ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ይሄኛውን ለማንም አይተርጉሙት።